ፖርታል ብቻውን ይበቃል? የመከላከያ ግዥና የሶፍትዌር ሰዎች፣ ባለ 29 መልስ ክር

ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የከፈተው «የለገሃሩ» በሚል ስም የሚጽፈው ልጅ ነው። ጥያቄ ቢያስመስለውም አቋም ይዞ ነው የመጣው፦ የቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪው የጦር ኃይሎችን ግዥ ለማዘመን የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ጥሩ ፖርታል ነው። ክፍሉ የሚፈልገውን ከስክሪን ላይ ይመርጣል፣ አቅራቢው ያደርሳል፣ ርክክቡ በስልክ ይጸድቃል፣ አለቀ። ለንጽጽር ያቀረበው ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎች ሁሉ የሚታወቀውን ጥቅል ነው። ቴክኒካሉ ለብቻ፣ ፋይናንሻሉ ለብቻ፣ ኦሪጂናሉ ለብቻ፣ ኮፒው ለብቻ፤ ሁሉም አንድ ትልቅ ኤንቨሎፕ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ላይ ቀይ ሰም ይፈስበታል፣ ሰሙ ሳይደርቅ ማኅተም ያርፍበታል። አንዷ ኤንቨሎፕ ማኅተም ካነሳት ወር የተለፋበት ሰነድ ሳይነበብ ይወድቃል። ለመነሻ ያቀረበው ምሳሌ ምስጢር የሌለበትን ዕቃ ነው፦ ብዙ ተሽከርካሪ ላለው ተቋም የሚሆን የነዳጅ መከታተያ ሶፍትዌር። (በክሩ ውስጥ ያሉት ዓመቶች የፈረንጆች ናቸው፤ የእኛ አዋጅ ሲጠራ ብቻ በእኛ ነው።)

መልስ 1 ትሁት ነበር። አመስግኖ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኢ-ጂፒ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መጠቀም እንደጀመሩ፣ የአቅራቢ ምዝገባውም ሆነ የጨረታ መክፈቻው እዚያ ላይ እንደሚካሄድ አስታወሰ። ስለዚህ ሰሙ ቀልጦ እያለቀ ነው፣ የቀረው መከላከያን መጨመር ነው የሚል ነበር።

መልስ 2 የእትዬ ሰነድ ነው። እሳቸው ሲጽፉ ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለው ጀመሩ። ችግሩ ኤንቨሎፑ አይደለም፣ በውስጡ ያለው ስፔክ (የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) ነው። የአንድን ብራንድ ስም ሳይጠሩ ክብደቱን በግራም፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ የቀዳዳዎቹን ቁጥርና ቦታ ጭምር ዘርዝሮ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ጭራ የሚቀጥል ስፔክ በሰም ቢታሸግም በፖርታል ቢጫንም የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው። ቀጥለው ሕጉን አነሱ። አዋጅ 649/2001 ለመከላከያና ለደኅንነት ሲባል ሚኒስትሩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋር ተመካክሮ የተለየ የግዥ ሥርዓት በመመሪያ ማውጣት እንዲችል ይፈቅድ ነበር፤ ያ አዋጅ ደግሞ በ1333/2016 ተተክቷል። ስለዚህ መልስ 1 ላይ እንደተባለው መከላከያን ጨምሮ መጨረስ የአንድ ቁልፍ ነገር አይደለም፣ መጀመሪያ የትኛው ግዥ በየትኛው በር እንደሚገባ ይለይ አሉ።

መልስ 3 እትዬ ልክ ናቸው ከማለት ያለፈ ነገር የለውም።

መልስ 4ን የጻፈው «ካዛንቺስ ኮድ» ነው፣ ክሩም መንፈሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሶፍትዌር ሰዎች ለወታደራዊ ግዥ ያመጡት ለውጥ የታየው በፖርታል ሳይሆን በአንድ ነጭ ሰሌዳ ነው አለ። ቦታው ኳታር፣ አል ኡዴይድ የጦር ሰፈር፣ ጊዜው 2016። የአሜሪካ አየር ኃይል በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ላይ ለተዋጊ አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚያድሉትን ቦቴ አውሮፕላኖች የሚመድበው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ነበር። ባለቀለም ማግኔት፣ ማርከር፣ ጎን ለጎን የኤክሴል ሠንጠረዥ። አንድ ቦቴ ከተበላሸ ወይም አንድ በረራ ሰዓቱ ከተለወጠ ማግኔቶቹ ሁሉ ከቦታቸው ይነሳሉ፣ የነዳጁ ስሌት እንደገና በእጅ ይሠራል፣ ሰዎቹም ትልቁ ስጋታቸው አንድ ሰው ሳያውቅ ሰሌዳውን ቢያጠፋውስ የሚል ነበር። ይህን ሥራ ሊተካ ይገባው የነበረው ትልቁ ፕሮግራም ኤ.ኦ.ሲ. 10.2 ይባላል። ዓመታት ዘግይቶ፣ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠግቶ፣ ሐምሌ 2017 ላይ ተሰረዘ። በመሀል ግን የመከላከያ ሚኒስቴሩ አዲስ የፈጠራ ቢሮ ፒቮታል ከሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ ጋር የአየር ኃይሉን ወጣት ፕሮግራመሮች ጥንድ ጥንድ አድርጎ አስቀምጦ በጥቂት ወራት ውስጥ የሰሌዳውን ሥራ ብቻ የሚሠራ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አወጣ። የዕቅዱ ስሌት ሲጠራ በየቀኑ ወደ አየር የሚወጡት ቦቴዎች ቁጥር ቀነሰ። ቦስተን ያለው ኬሰል ረን የሚባለው የአየር ኃይሉ የሶፍትዌር ቤት ከዚህ የተወለደ ነው።

ካዛንቺስ ኮድ ነጥቡን ራሱ አሳጠረው፦ የተገዛው ለትልቅ ሥርዓት የተጻፈ ስፔክ አይደለም፣ የአንድ ሰሌዳ ችግር ነው። እኔም ከ29ኙ ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው።

መልስ 5 ይህ እንዴት በሕግ ተገዛ ብሎ ጠየቀ። ጨረታ ሳይወጣ ከሆነ እኛ አገር ኦዲተር ፊት የሚያስቆም ነገር ነው አለ፣ ልክም ነው።

መልስ 6 ደረጃ በደረጃ አስቀመጠው። ቢሮው በ2015 በያኔው የመከላከያ ሚኒስትር አሽ ካርተር ካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ላይ የተከፈተው ዲ.አይ.ዩ. (የመከላከያ ፈጠራ ክፍል) ነው። ሲገዛ ስፔክ አያወጣም፣ ችግሩን በጥቂት አንቀጽ ጽፎ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል። ኩባንያው ከ5 ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ወይም ከ15 ባልበለጠ ስላይድ ይመልሳል። የተመረጡት ቀርበው ያስረዳሉ፣ ያሳያሉ። ሙሉ ፕሮፖዛልና የዋጋ ድርድር የሚመጣው በሦስተኛው ዙር፣ ከቀሩት ጋር ብቻ ነው። ግቡ ከ60 እስከ 90 ቀን ነው። ውሉ በመደበኛው የግዥ ደንብ የማይገዛ ልዩ ስምምነት ሲሆን ሥሩ በ1958 ለናሳ ከተሰጠው ሥልጣን ይመዘዛል። ነፃ ሜዳ ግን አይደለም፤ ከመከላከያ ጋር መደበኛ ሥራ የሌለው ወይም አነስተኛ የሆነ ኩባንያ ጉልህ ድርሻ ይኑረው፣ ካልሆነ ከወጪው ሲሶው ከመንግሥት ውጪ ይሸፈን የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ናሙናው ከተሳካ ያለ ሌላ ውድድር ወደ ምርት ውል ማለፍ ይቻላል።

መልስ 7 የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ፣ እርማቱም ከባድ ነበር። ማለፍ የሚቻለው መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ ምርት ሊከተል እንደሚችል ከተጻፈና ናሙናው በእርግጥ ከተጠናቀቀ ብቻ ነው። የካቲት 2018 ላይ ሪያን ክላውድ የሚባል ኩባንያ በዚሁ መንገድ እስከ 950 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተሰጠው። ኦራክል የሚባለው ተፎካካሪ ኩባንያ አቤት አለ። ውሉ መጀመሪያ ወደ 65 ሚሊዮን ተሸበሸበ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ለኦራክል ፈረደ። ምክንያቱም እነዚያው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ማስታወቂያው ስለ ምርት አላነሳም፣ በማሻሻያ የተጨመረው የናሙና ሥራም ገና አላለቀም። ማስታወቂያው ላይ አንዲት መስመር መጨመር የሚከለክል አልነበረም። ሳትጻፍ ስትቀር ተከታዩ ውል ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

መልስ 8 ኢንዱስትሪው በሩን ያስከፈተው በትሕትና ሳይሆን በክስ ጭምር ነው ብሎ ሁለት ጉዳይ ጠቀሰ። ስፔስኤክስ በ2014 የአየር ኃይሉን የሮኬት ግዥ ከሶ፣ ጥር 2015 ተስማምቶ፣ ግንቦት ላይ ብቁነቱ ጸደቀለት። የዳታ ሶፍትዌር ኩባንያው ፓላንቲር በ2016 ምድር ጦሩን ከሰሰ፤ መሠረቱ ገበያ ላይ ያለቀለት ዕቃ ካለ እሱን አስቀድም የሚለው የ1994 ሕግ ነው። ጦሩ ገበያውን በቅጡ ሳይፈትሽ አዲስ ሥርዓት ከባዶ ለማስገንባት ጨረታ ማውጣቱ ተረጋግጦ ተፈረደበት፣ ይግባኙም በ2018 ጸና። የግዥ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው የገበያ ጥናቷን ነው አለ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ፋይል ማድረግ የገበያ ጥናት አይባልም።

መልስ 9 ላይ ድምፁ ተቀየረ። «አራዳ 77» ይህ ሁሉ የሲሊከን ቫሊ ውዳሴ ማርያም ነው አለ። ማይክሮሶፍት በ2021 ለወታደር የሚታጠቅ መነጽር በ10 ዓመት እስከ 21.9 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ወሰደ፤ በ2022 ሙከራ ላይ ወታደሮቹ ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ አጋጠማቸው፤ የካቲት 2025 ላይ ሥራውን አንዱሪል የሚባል ሌላ ኩባንያ እንደሚረከበው ተነገረ። የአሜሪካ መከላከያ የ10 ቢሊዮን ዶላር የክላውድ ውል ለአንድ ኩባንያ ተሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ተንከራቶ፣ ሐምሌ 2021 ተሰረዘ፣ ታኅሣሥ 2022 ለአራት ኩባንያ ተከፋፈለ። የቆየው አቅራቢም ያዘገያል፣ አዲሱም ያዘገያል፤ ልዩነቱ አዲሱ ቲሸርት መልበሱ ነው።

ከ10 እስከ 12 ያሉት በጉግል ሠራተኞች የ2018 ተቃውሞ ላይ ተያያዙ። ፕሮጀክት ማቨን (የድሮን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተነትነው የጦሩ ሥራ) ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ብዙ ተባለ፣ ስለ ግዥ ግን አንድም ነገር አልተባለም። ዘልዬዋለሁ።

መልስ 13 ሻለቃ (ጡረታ) ናቸው። ሁላችሁም ስለ ውል ታወራላችሁ፣ ውሉን የሚያንቀው በጀቱ ነው አሉ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ማክናማራ በ1961 ያስገቡት የዕቅድና በጀት ሥርዓት ስሙ ቢለወጥም ዛሬም አለ፤ ገንዘቡ ከሚወጣበት ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ይታቀዳል። ገንዘቡም ቀለም አለው። የምርምር ገንዘብ ለ2 ዓመት፣ የግዥ ገንዘብ በአብዛኛው ለ3፣ የሥራ ማስኬጃና ጥገና ለ1 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሶፍትዌር ደግሞ በቀለም አይከፈልም። አንዱ ፕሮግራመር ጠዋት ስህተት ሲያርም ጥገና ነው፣ ከሰዓት አዲስ ነገር ሲጨምር ምርምር ነው። ከ2021 በጀት ጀምሮ ለተመረጡ የሶፍትዌር ሥራዎች አንድ የጋራ መደብ መሞከር የጀመሩት ለዚህ ነው። በጀት ሳይጸድቅ በጊዜያዊ ውሳኔ ሲሠራ ደግሞ አዲስ ፕሮግራም መጀመር አይፈቀድም። ናሙናው የተወደደለት ትንሽ ኩባንያ እስከዚያ ደመወዝ ይከፍላል። አሜሪካኖቹ የሞት ሸለቆ የሚሉት ይህን መሀል ነው። ሻለቃ በቅንፍ፣ የእኛው ሸለቆ ግን ከሐምሌ እስከ ግንቦት ተኝቶ ሰኔ ላይ በሩጫ የሚሻገሩት ነው ብለው ጨመሩ። የሰኔን ግዥ የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ።

መልስ 14 ሳቁን ሳያስጨርስ የእኛን ሒሳብ አወጣ። ለምሳሌ 20 ሚሊዮን ብር ለሚገመት ሥራ የጨረታ ማስከበሪያው 2 በመቶ ቢሆን 400,000 ብር በሲፒኦ ይታሰራል። ካሸነፈ የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ 2 ሚሊዮን። ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀዳል፣ 6 ሚሊዮን ማለት ነው፣ ግን ለዚያው 6 ሚሊዮን ተመጣጣኝ ዋስትና ይጠየቃል። ባንኩ ደግሞ ለዋስትናው ቤት ወይም መኪና ያስይዛል። ስምንት ፕሮግራመር ያለው ድርጅት ንብረቱ ስምንት ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ የሚያሸንፈው ኮድ የሚጽፈው ሳይሆን መያዣ ያለው ነው፤ እሱም አሸንፎ ኮዱን ለኮድ ጸሐፊው በንዑስ ውል በሲሶ ዋጋ ይሰጠዋል። መድኃኒት ያለው ሥራውን መቆራረጥ ነው፦ መጀመሪያ በሁለት ጋራዥ፣ በ30 መኪና፣ በ90 ቀን፣ ማስከበሪያውም በዚያችው ቁራጭ ልክ።

መልስ 15 ሲፒኦ በወለድ እናበድራለን የሚል ማስታወቂያ ነበር። አወያዩ አነሳው፣ ስልክ ቁጥሩን ግን የቀዳ ቀድቷል መሰለኝ።

መልስ 16 ወደ ታሪክ ወሰደን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1887 ወደ 2,000 ዘመናዊ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ መጣ፤ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ሰብረው የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ክፍያውን ሐረር ካሉት ከራስ መኮንን እንዲቀበል ላኩት። መልስ 17 ወዲያው አረመ፦ ጠመንጃዎቹ ዘመናዊ አልነበሩም፣ ጊዜ ያለፈባቸው የካፕሱል ጠመንጃዎች ናቸው፤ መኮንንም ያኔ ደጃዝማች እንጂ ራስ አልነበሩም። 18 ስለ ራምቦ ግጥም ሊጀምር ሲል እትዬ ሰነድ በ19 መለሱት። ታሪኩ ከርዕሱ አልወጣም፣ ልባችሁ እንጂ አሉ። ገበያው አንድ ገዢ ብቻ ያለው ነው፤ ዕቃው ተራራው ላይ ከወጣ በኋላ መልሶ ለማን ይሸጣል? ለአንድ ጦር ብቻ ተለክቶ የተሠራ ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው፤ ለዚህ ነው ለሲቪልም የሚሸጥ ምርት ያለው ኩባንያ በድርድር ላይ የማይንበረከከው።

20ኛው በጣም ጠቃሚ ነበር፣ ማንም ባያመሰግነውም። ከኢንተርኔት በተቆረጠ አውታር ላይ የስታርትአፕ ሶፍትዌር ለምን እንደሚሞት ዘረዘረ። መግቢያው በውጭ አካውንት ወይም በኤስኤምኤስ ኮድ ነው። ካርታው ከኔት ነው የሚወርደው። ፈቃዱ በየጊዜው ወደ ፋብሪካው ደውሎ ራሱን ያድሳል፣ ካልደወለ ይቆለፋል። የገጹ ፊደልና ላይብረሪ ከሌላ ሰርቨር ይጠራል። ሰዓት የሚያስተካክልለት ስለሌለ አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው በወር ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይለያያል፣ የክንውን መዝገቦቻቸውም (ሎግ) እርስ በእርስ አይናበቡም። ማሻሻያ በዲስክ ተይዞ፣ በተለየ ማሽን ለቫይረስ ተፈትሾ፣ ሃሹ (የፋይሉ የቁጥር አሻራ) ተመሳክሮ መግባት አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከማሳያው ቀን በፊት ራውተሩን ነቅሎ ለ14 ቀን ማሠራት።

መልስ 21 አራዳ 77 ነው፤ 20ን ፓወርፖይንት አንባቢ አለው። 22 ላይ ካዛንቺስ ኮድ አንተስ ራውተር የት እንዳለ ታውቃለህ አለው። ሻለቃ በ23 ሁለቱንም በአንድ መስመር ጸጥ አሰኟቸው፣ ከዚያም የውሉን ጎደሎ ጨመሩ፦ ዳታው በክፍት ፎርማት ተገልብጦ የመውጣት መብት፣ የመገናኛዎቹ ሙሉ ሰነድ፣ የምንጭ ኮዱ በሦስተኛ ወገን እጅ መቀመጥ፣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ዓመት ያለው የጥገና ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ። የኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን ጥገና የሚመራበት አሊስ የተባለው ሥርዓት የክፍሎች ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እየጎደለበትና እየተሳሳተበት ለመብረር ዝግጁ የሆነ አውሮፕላን እስከማቆም አድርሶ፣ በ2020 በሌላ ሊተካ ተወሰነ።

መልስ 24 የዩክሬንን እንቁላል አነሳ። ጥር 2023 ላይ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምግብ ውል ሲገለጥ አንድ እንቁላል 17 ህሪቭንያ (የአገሩ ገንዘብ) ተብሎ ተገኘ፤ ሱቅ ላይ 7 ገደማ ነበር። የተሰጠው ማብራሪያ አቅራቢው ከኪሎ ወደ ፍሬ ሲያሰላ ተሳስቶ ነው የሚል ነበር። ሰው አልተቀበለውም፣ ሚኒስትሩም መስከረም ላይ ተነሱ። ፕሮዞሮ የሚባለው በዓለም የተመሰገነ ፖርታላቸው በመንግሥት ግዥ ላይ ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነበር፣ ይህ ውል ግን ከዚያ ውጪ የተፈረመ ነው። ስለዚህ መልስ 24 ለየለገሃሩ ግማሽ እውነት ሰጠው፦ ፖርታል ዋጋን ያሳያል። መለኪያውን ግን አያርምም።

25 እና 26 የት ቡና እንገናኝ የሚል ነበር። አንዱ ፒያሳ አለ፣ ሌላው የምታውቀው ፒያሳ የት አለና አለው።

መልስ 27 ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ፣ ደግሞም በክብር። ፖርታሉን ትቶ የአንድ ገጽ የችግር መግለጫ ጽፎ ለጠፈ። ቦቴው 45,000 ሊትር ጭኖ ይነሳል፤ ሥርዓቱ የተጫነውንና የተራገፈውን ያወዳድር፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካለፈ ማንቂያ ይላክ፤ ያለ ኔት 14 ቀን ይሥራ፤ ዳታው በክፍት ፎርማት ይውጣ፤ ሙከራው 90 ቀን፣ 30 መኪና፤ ከተሳካ ምርት ሊከተል ይችላል። የሌሎቹን መልሶች አንድ በአንድ እንዳነበበ ያስታውቃል።

መልስ 28 እትዬ ሰነድ ናቸው። አመሰገኑት፣ ከዚያ አንዲት ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፦ ሊትር፣ በስንት ዲግሪ? ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ10,000 ሊትር ላይ 8.3 ሊትር ያህል ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። ቆላ ላይ በ35 ዲግሪ 45,000 ሊትር የጫነ ቦቴ አዲስ አበባ ገብቶ ነዳጁ 18 ዲግሪ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ወደ 635 ሊትር ይጎድላል። የማንቂያው ጣሪያ 450 ሊትር ነው። እንግዲህ ንጹሑ ሾፌር በየጉዞው ሌባ ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ የሚወርደው ግን ያንኑ 635 ሊትር ቀድቶ ቢሸጥ ሥርዓቱ ሁሉ ደኅና ነው ይላል።

መልስ 29፦ የለገሃሩ ሰነዱን በ15 ዲግሪ የታረመ ሊትር ብሎ አስተካከለ። ቴርሞሜትሩ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚገዛም ሻለቃን ጠየቀ። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ ሻለቃ ኦንላይን አልነበሩም።